አያ ገዳሙ የዘለሉት ቤት

አያ ገዳሙ እንየው ፊደል አልቆጠሩም። ሰው ግን ይቆጥራሉ። ከሮብ ገበያ በላይ እስከ ጮቄ ግርጌ ድረስ ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ በቃላቸው ይዘዋል። ይህ ዕውቀት ደመወዝ የለውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ጠላት ያፈራል። ቢሆንም በዚያ አገር ልጁን ለመዳር ያሰበ ሰው ሁሉ ጌሾ ከማስወቀጡ በፊት የሚረግጠው ደጅ የእሳቸውን ነው።

ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። አንድ ቤት ማለት አባት ነው፣ ሁለት ቤት አያት፣ ሦስት ቤት ቅድመ አያት። አያ ገዳሙ የግራ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ግራው አምስት ላይ ሲያልቅ ወደ ቀኙ ይሻገራሉ። የሁለቱ ወገን ሐረግ ስድስተኛው ላይ ከተገናኘ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፣ ነገሩ አበቃ። ሰባተኛው ላይ ከደረሰ ግን ባዳ ናቸው፣ እልል ይባላል። አያ ገዳሙ ስንቱን በዚህ ጣታቸው ድረዋል፤ ስንቱንም በዚህ ጣታቸው አለያይተዋል። ያለያዩአቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ ቢነፍጓቸውም አይከፋቸውም። «እኔ አልወለድኳችሁ፤ ቆጠርኩ እንጂ» ይላሉ።

ችግሩ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚቆጠርላት ሴት መጥፋቷ ነው።

ከየትስ ትምጣ? ልጃገረዶቹ አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ አንዷ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ አንዷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ትገባለች፣ የቀሩት ደላላ ተከትለው አረብ አገር ይሻገራሉ። ወንዱ ደግሞ አባቱ ቆርሶ የሰጠውን ቁራጭ መሬት ይዞ ይቀራል። መሬቷ ሚስት ታመጣልኛለች ብሎ ነው የያዛት፤ እሷ ግን ከድንችና ከገብስ በቀር ያመጣችለት የለም። ባለፈው ጥምቀት አያ ገዳሙ ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ሜዳው ላይ የቆመውን ወጣት ቆጠሩት። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ያላገባ ወንድ፣ በአንድ ጎጥ ብቻ፣ ሠላሳ አንድ ነው። ልጃገረድ አራት። ከአራቱም አንዷ በዓል ልታከብር ከአዲስ አበባ የመጣችና በማግሥቱ የምትመለስ ነበረች። ጎረምሳው ሁሉ ሎሚ በኪሱ ይዞ መጥቶ ሎሚውን ራሱ መጦ ወደ ቤቱ ሄደ። «ቆሞ ቀር» የሚባለው ስድብ በዚያ አገር የሴት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ወንዱ ለብሶት ይዞራል፣ ልክ በልኩ ሆኖለታል።

ከሠላሳ አንዱ ሁለቱ የአያ ገዳሙ ሥጋ ናቸው። አንደኛው የገዛ ልጃቸው ምስጋናው ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበተኛ፣ ዝምተኛ፣ በድንች ዘር የታወቀ። ሁለተኛው የሟች ወንድማቸው የተመስገን ልጅ አንተነህ ነው። ተመስገን ሲሞት አንተነህ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርና አያ ገዳሙ ከገዛ ልጃቸው ሳይለዩ አሳድገውታል። አሁን ሠላሳ ስምንት ሞልቶታል። እናቱ ከሁለት ዓመት በፊት ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ይወጣና የሳምንት እንጀራውን በፌስታል ገዝቶ ይመለሳል፤ ሐሙስ ለስላሳ ይበላዋል፣ ማክሰኞ ደረቅ ይበላዋል። በሰው ሰርግ ላይ ግን ከእሱ የበለጠ ዳስ የሚያቆም፣ ከእሱ የበለጠ እንስራ የሚሸከም የለም።

የአንተነህ ነገር እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከአምበር ከተማ የአቶ አወቀን ትልቋን ልጅ፣ ዘመናይን፣ አጭቶ ነበር። ያኔ ገና ሴትም ነበረች፣ ምርጫም ነበር፤ እሱ ግን ከእሷ ሌላ አላየም። ቆጣሪው የገዛ አጎቱ ነውና ጠላው ከቆጠራው ቀድሞ ተጠነሰሰ። በአቶ አወቀ ቤት ሽማግሌ በተሰበሰበበት አያ ገዳሙ ጣታቸውን እያጠፉ ወጡ፤ የግራ እጃቸውም አለቀ፣ የቀኛቸው አውራ ጣት ላይም ቆሙ።

«የእኛ ስድስተኛ ደምሴ ነው» አሉ። «የእናንተ ስድስተኛ ኃይለ ሚካኤል። ኃይለ ሚካኤል ደግሞ የደምሴ የክርስትና ስሙ ነው። አባቴ እንየው እንዲህ ነው ያስጠናኝ። አንድ ሰው ናቸው። ስድስት ነው፣ አይሆንም።»

በዚያ አገር ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የዓለም፣ አንዱ ቄሱ ሲያጠምቅ የሚያወጣለት። ስለዚህ አንድም ሰው አልተጠራጠረም። አንተነህ ብቻ ከወደ በሩ ብድግ ብሎ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። አያ ገዳሙ እጃቸውን አነሱበት።

«ተቀመጥ ልጄ። ለራሱ የሚቆጥር ሰው ጣት አያልቅበትም።»

ሽማግሌው ሳቀ። አባባሏ ጣፍጣለችና እስከ ዛሬ ድረስ በየሰርጉ ትጠቀሳለች። አንተነህ ተቀመጠ። ጠላው ለተዝካር ዋለ፤ ዘመናይ በሦስተኛው ወር ቤይሩት ሄደች፣ እንደ ሄደችም ቀረች።

ወደ ምስጋናው እንመለስ። ምስጋናው የድንች ዘር አምበር ወስዶ ይሸጣል። እዚያ፣ ከገበያው ዳር፣ አንዲት ልጅ የስፌት መኪና አውጥታ ትሠራለች። አንድ ቀን የተቀደደ ማዳበሪያ ሰፋችለት። በሳምንቱ ሁለት ወሰደላት፣ በሳምንቱ አራት። ማዳበሪያው ሲያልቅበት ደህናውን በገዛ እጁ እየቀደደ ይወስድላት ጀመር። ልጅቱም ሞኝ አልነበረችም፤ «ምስጋናው፣ የእናንተ አይጥ መቀስ ይዛለች መሰለኝ፤ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ማዳበሪያ መቅደድ አላስፈለገውም።

ዝምተኛ ልጅ ለእናቱ ይናገራል። እናቱ ዘሪቱም ደስታውን ብቻቸውን መሸከም አቅቷቸው አያ ገዳሙ ከእርሻ እስኪገቡ እንኳ አልጠበቁም፤ ማሳው ድረስ ሄዱ።

«አንቱ፣ ልጅዎ ሴት አገኘ!»

«የማን ልጅ ናት?» አሉ አያ ገዳሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ስሟን ይጠይቅ ነበር።

ዘሪቱ ፊታቸውን ወደ ድንቹ አዞሩ። «የኔአለም ትባላለች። የ... የአወቀ ታናሽ ልጅ ናት። የዘመናይ እህት።»

አያ ገዳሙ የያዙትን መቆፈሪያ መሬት ላይ አጋደሙና ተቀመጡበት። ጣታቸውን ማጠፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም። አንተነህና ምስጋናው የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ ዘመናይና የኔአለም የአንድ አባት ልጆች። ለታላላቆቹ ስድስት የሆነ ቁጥር ለታናናሾቹ ሰባት አይሆንም። ልጃቸው በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ያገኛት አንዲት ሴት፣ እሳቸው ራሳቸው በአሥራ ሁለት ዓመት ቀድመው የዘጉት በር ውስጥ ቆማለች።

«ታዲያ አንዲት አያት ቢጨምሩባትስ?» አሉ ዘሪቱ ቀስ ብለው። «ሌላ ቆጣሪ የለ። ሙታኑ ተነሥተው አይመሰክሩ።»

«ዘሪቱ!»

«ምን ዘሪቱ ይላሉ? ሌላ ሴት ያሳዩኝ። ይቁጠሩልኝ እስቲ፣ ሌላ ሴት!»

አያ ገዳሙ በልባቸው ቆጠሩ። አራቱን ልጃገረዶች ያውቃሉ። ሦስቱ የእህታቸው የልጅ ልጆች ናቸው፤ አራተኛዋ ያው አዲስ አበባ ተመልሳለች። ሴት በሞላበት ዘመን «አይሆንም» ማለት ቀላል ነው፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይንኳኳል። አሁን ግን «አይሆንም» ማለት ልጃቸውን እንደ አንተነህ ረቡዕ ረቡዕ ፌስታል ይዘህ ውጣ ማለት ነው። ለአንተነህ አንድ ቀን እንኳ ያላሰቡትን ፌስታል ለምስጋናው ማሰባቸውን ራሳቸው ታዘቡት፣ አፈሩም።

ምስጋናው ግን ከአባቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሁለት ሽማግሌ ወደ አምበር ሰደደ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሽማግሌዎቹ የተመለሱት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የአቶ አወቀን መልስም ሳያጎድሉ አደረሱ።

«ልጄ ከወደደች አልከለክልም። ግን ገዳሙ ራሳቸው ይምጡ። የታላቋን በቆጠሩበት አፍ የታናሿን ይቁጠሩልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሌላም ወሬ አመጡ። ያቺን የስፌት መኪና የገዛችው ዘመናይ ናት። የኔአለም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ እሷም ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር፤ ዘመናይ ከቤይሩት ደውላ፣ «አንቺ እንዳትመጪ። ከሁለታችን አንዳችን አገር እንቅር» ብላ አለቀሰችባትና ብሩን ላከችላት። አያ ገዳሙ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ወደ አምበር እንዲወርዱ የተቆረጠው እሑድ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አያ ገዳሙ ብቻቸውን ድንች ሊያወጡ ሄዱ። ማሳቸው ላይኛውና ታችኛው ተብሎ በአንድ ረጅም የድንጋይ ካብ ይከፈላል። ካቡ ከድሮ ጀምሮ «ወንድማማች» ይባላል። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በሬውን እዚያ ሲያዞሩ፣ «ወንድማማች ጋ ስትደርስ መልሰው» እየተባሉ ነው ያደጉት፤ ልጃቸውንም እንዲሁ እያሉ ነው ያሳደጉት። ያን ዕለት ደክሟቸው ካቡ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣባቸው።

የማን ወንድማማች?

የመላውን አገር አባት በቃላቸው የያዙት ሰው የገዛ ማሳቸውን ስም አያውቁትም። ድንቹን እንዳፈሰሱት ትተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ።

ከቅጥሩ አጠገብ፣ በአንዲት ጎጆ፣ የአባታቸው እህት እማሆይ ወለተ ሰንበት ይኖራሉ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ገና ጎልማሳ ነው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«እማሆይ፣ የእኛ እርሻ ላይ ያለው ወንድማማች፣ የማን ወንድማማች ነው?»

«የደምሴና የኃይለ ሚካኤል ነዋ» አሉ እማሆይ፣ ቀኑ ስንት ነው እንደተባለ ሰው።

አያ ገዳሙ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ኃይለ ሚካኤል የደምሴ የክርስትና ስሙ አይደለም እንዴ?»

«ማን አለህ? የደምሴ የክርስትና ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። አያቴ ጓንጉል ዝክሩን የሚያወጣለት በጊዮርጊስ ቀን ነበር። ኃይለ ሚካኤል ታናሽዮው ነው። እሱ የታችኛውን፣ ደምሴ የላይኛውን ያርሱ ነበር፤ ካቡን በመሐላቸው ካቡት። ኋላ ኃይለ ሚካኤል አምበር ወርዶ አገባና የታችኛውን ለወንድሙ ትቶ እዚያው ቀረ። የሁለቱ አባት ዘመንፈስቅዱስ ነው።»

«አባቴ እኮ...»

«አባትህ እንየው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲያስጠኑት ያንቀላፋ ነበር። ግማሹን ሰምቶ ግማሹን በራሱ ይሞላዋል።»

አያ ገዳሙ ጣታቸውን አጠፉ። ስድስት፣ ደምሴ። ስድስት፣ ኃይለ ሚካኤል። ሁለት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ በላይ፣ በሰባተኛው፣ ዘመንፈስቅዱስ። ሰባት ሞልቷል! ለምስጋናው ሰባት ሞልቷል! ሊነሡና እማሆይን ሊስሙ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ግን መልሰው ሰበሰቡት። ለምስጋናው ከሞላ ለአንተነህም ሞልቶ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞልቶ ነበር።

«ምነው እማሆይ፣ እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? ቆጣሪ የተባለ ሰው አይጠይቅም።» እማሆይ የመቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ አሳለፉ። «አንተነህ ግን ጠይቆኛል። ያኔ፣ ሊያገባ ሲል። እዚሁ ቁጭ ብሎ፣ የእኛንም የእነሱንም፣ አንድ በአንድ አስጠንቼዋለሁ። ደህና ራስ አለው ያ ልጅ። ምነው፣ አልነገረህም?»

አያ ገዳሙ ያን ቀን ወደ ቤታቸው አልገቡም። ወደ ካቡ ተመለሱ፤ ከወንድማማች ላይ አንድ ደህና ድንጋይ መርጠው ትከሻቸው ላይ ጫኑ። በዚያ አገር በደለኛ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ግን ታናሽ ለታላቅ፣ ልጅ ለአባት ይሸከማል እንጂ አሳዳጊ ላሳደገው አይሸከምም። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ «ምነው አያ፣ ካብ ፈረሰብዎት?» እያለ ሊያግዛቸው ሲል፣ «የፈረሰውስ ሌላ ነው» እያሉ አለፉ።

አንተነህ ደጁ ላይ እርፍ እየጠረበ ነበር። አጎቱን በድንጋይ ጎብጠው ሲያያቸው መጥረቢያውን ጣለና ሮጠ። ድንጋዩን ከትከሻቸው ተቀበለ።

«አያ! ምን ሆነው ነው? ምን ነክቶዎት ነው?»

«ከእማሆይ ዘንድ መምጣቴ ነው» አሉ አያ ገዳሙ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም።

አንተነህ ድንጋዩን ከበሩ ጎን አስቀመጠው። «ለምስጋናው ሰባት ሞላ ማለት ነው?» አለ።

«ሞላ።»

«ለእኔም ያኔ ሞልቶ ነበር ማለት ነው።»

«ሞልቶ ነበር።» የአያ ገዳሙ እንባ በጢማቸው ላይ ወረደ፤ ሊጠርጉት አልሞከሩም። «አውቀህ ኖሯል። ምነው ልጄ፣ ምነው አልጮህህ? በማግሥቱ እንኳ ለብቻዬ መጥተህ ብትነግረኝ!»

«ልነግርዎ ተነሥቼ ነበር። ለራሱ የሚቆጥር ሰው ጣት አያልቅበትም አሉኝ። ሰውም ሳቀ።» አንተነህ ይህን ያለው ያለ ቂም ነው፤ ለአያ ገዳሙ የከበዳቸውም ይኸው ነው። «ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ደግሞ፣ አባትህ ሲሞት ያሳደገህን ሰው በአገር ፊት አላዋቂ ልታደርገው ነው? አለችኝ። እውነቷን ነው አልኩ። አንድ ቀን ራስዎ ይደርሱበታል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት... ዘመናይም ሄደች። ከዚያ በኋላ ለማን ብዬ?»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዜር።»

ከዚያ አንተነህ ወደ ውስጥ ገብቶ ከፌስታሉ እንጀራ አወጣ፤ ያለፈው ረቡዕ እንጀራ ነበር፣ ዳር ዳሩ ደርቋል። በሹሮ ፈትፍቶ አቀረበላቸው። አያ ገዳሙ ከማዕድ መራቅ ነውር ስለሆነ ጎረሱ።

ሲነሡ፣ «እሑድ አምበር እወርዳለሁ» አሉ። «ስሕተቴን በሽማግሌ ፊት እናገራለሁ። አንተን ናልኝ፣ መስክርልኝ አልልህም። ያን ያህል ፊት የለኝም።»

አንተነህ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ እርፉ ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት አያ ገዳሙ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ሮብ ገበያ ሲደርሱ፣ አንተነህ ነጭ ጋቢውን አጥቦ ለብሶ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። አብሯቸው ተሳፈረ። ደብረ ማርቆስ ወርደው ሌላ መኪና ይዘው አምበር እስኪደርሱ አንተነህ በመስኮት ሲመለከት ነበር። የአቶ አወቀ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ጥቂት ቆመ፤ የዚያን ቤት ደፍ ከረገጠ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ገብቶም ከሁሉም በታች፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እነሱ ሲቀመጡ ቆመ።

አቶ አወቀ ከግድግዳው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ በግራ በቀኛቸው የነፍስ አባታቸውና ሁለት የአገር ሽማግሌዎች አሉ።

«እንግዲህ ይቁጠሩልን» አሉ አቶ አወቀ።

አያ ገዳሙ ተነሡ። እጃቸውን ግን አላነሱም። «ዛሬ አልቆጥርም። ዛሬ ልናዘዝ ነው የመጣሁት። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ስድስት ነው ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ደምሴና ኃይለ ሚካኤል አንድ ሰው አይደሉም፤ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለት ወንድማማቾችን አንድ ሰው አድርጌ የአባታቸውን ቤት ዘለልኩት። ሰባት ነበር። ዛሬም ሰባት ነው።»

ከዚያ አቶ አወቀ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እስካሁን በአንቱታ የቆየው አፋቸው አንቱታውን ጣለ።

«ለወንድምህ ልጅ ስድስት፤ ለልጅህ ሰባት! ስድስት ብለህ ልጄን ባሕር አሻገርኻት፤ የሰው ቤት ወለል ስትወለውል ጉልበቷ አለቀ። ዛሬ የአንተ ልጅ ሲቸግረው አያት ወለድህ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበር ይሄ ዘመንፈስቅዱስ?»

«ማሳዬ ላይ ነበር» አሉ አያ ገዳሙ። እውነቱ ይኸው ነበር፤ ለሰሚው ግን ምንም አልመሰለም። «አክስቴ እማሆይ ወለተ ሰንበት ያውቃሉ።»

«አክስትህ!»

ከአገር ሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ ገዳሙ፣ አይቀየሙኝ። ይችን ነገር ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ለራሱ የሚቆጥር ሰው ጣት አያልቅበትም።»

ያን ዕለት ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። አያ ገዳሙ አንገታቸውን ደፉ። የልጃቸው ነገር አለቀ ብለው በሆዳቸው ደመደሙ፤ በገዛ አባባላቸው መታሰራቸውም ተገቢ መስሎ ታያቸው። መሬቱን እያዩ ሳለ ከወደ በሩ የጋቢ ኮሽታ ሰሙ።

አንተነህ ቆሞ ነበር።

«ለራሴ የምቆጥረው የለኝም» አለ። «ይፍቀዱልኝ።»

አቶ አወቀ ተመለከቱት። አወቁት፤ ቀስ ብለውም ተቀመጡ።

አንተነህ ግራ እጁን ከጋቢው አወጣ። አልተንተባተበም፣ ወደ ጣሪያም አላየ፤ ቆጣሪ ሁሉ አራተኛው ላይ ሲደርስ እንደሚያደርገው ቆም ብሎም አላሰበም።

«አንድ፣ ተመስገን። ሁለት፣ እንየው። ሦስት፣ ቢተው። አራት፣ ጓንጉል። አምስት፣ ዋሴ።» ግራው አለቀ። የቀኙን አውራ ጣት አጠፈ። «ስድስት፣ ደምሴ።» ቀጥሎ ያለውን ጣት አጠፈ። «ሰባት፣ ዘመንፈስቅዱስ።»

ሁለቱን እጆቹን ዘረጋና እንደገና ጀመረ።

«አንድ፣ አወቀ። ሁለት፣ ልየው። ሦስት፣ ዓለሙ። አራት፣ ፈንቴ። አምስት፣ ቸኮል። ስድስት፣ ኃይለ ሚካኤል። ሰባት፣ ዘመንፈስቅዱስ።»

አቶ አወቀ ወደ አንተነህ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ ይህን ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ዘመናይን ካጨሁ ጀምሮ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ለቅሶ ተሰማ። አቶ አወቀ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑና «ሞልቷል» አሉ። የነፍስ አባታቸውም «ሞልቷል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ «ሞልቷል» አሉ፤ ለጥርም ቀን ተቆረጠ።

አያ ገዳሙ ግን ገና የመጀመሪያዋ ጣት ላይ ነበሩ። ለምስጋናው የሚቆጥር ሰው «አንድ፣ ገዳሙ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንተነህ ከገዛ አባቱ ከተመስገን ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያጠናው እንደኖረው፣ የራሱንና የዘመናይን ቆጠረ። እዚያ ቤት ከተቀመጡት ውስጥ ይህን ያላስተዋለ አልነበረም። ያረመው ሰው ግን የለም።